የኮሊን እህት ያሸነፈችበት ምርጫ

ባለቤቴ ኤሊያስ አውስትራሊያን አላያትም። አውሮፕላን እንኳ የሚያውቀው በዶዮገና ሰማይ ላይ ሲያልፍ አንጋጦ ነው። እንዲያም ሆኖ የእኛን ምርጫ ያበላሸችብን አውስትራሊያ ናት ስል ሰው ይስቃል። ይሳቅ! የሚስቀው ሁሉ የአባቴን ጓሮ አላየም።

ጣቢታ እባላለሁ። ዶዮገና ገበያው አጠገብ በረንዳ ላይ የልብስ ስፌት መኪና አለኝ፤ ምላሷ ከመርፌዋ ይብሳል ይሉኛል። ኤሊያስ እዚያው ከተማ ትምህርት ቤት እንግሊዝኛ ያስተምራል። አባቴ ሄራሞ ደግሞ ከከተማው ወጣ ብሎ ባለው ቀበሌ ገበሬ ነበር። የአባቴ ቤት ከመንገድ አይታይም ነበር፤ እንሰቱ ይሸፍነዋል። አያቱ የተከለው፣ አባቱ ያስፋፋው፣ እሱ ደግሞ ዕድሜውን ሙሉ ፍግ እየተሸከመ ያሳደገው እንሰት ነው። እንሰት ከቤት ሲርቅ አይሆንለትም። የከብቱ ፍግ በየጠዋቱ ካልደረሰው ይከሳል፤ ሰው አጠገቡ ካላደረ ጃርትና የዱር አሳማ ይጨርሰዋል። ይህን ልብ በሉልኝ፤ የነገሩ መጨረሻ እዚሁ ነው።

የተጀመረው በ1978 የግማሽ ዓመት ዕረፍት ላይ ነው። ከድርቁ በኋላ አዲሎ አካባቢ ውሃ የሚቆፍር ድርጅት መጥቶ ነበርና አስተርጓሚ ሲፈልጉ ኤሊያስን ወሰዱት። መሐንዲሱ ኮሊን የሚባል አውስትራሊያዊ ነው፤ ረጅም፣ አፍንጫው በፀሐይ የተላጠ፣ እንደ እኛ ሰው ቆጮ በጎመን የሚበላ። ላም የምታረባ እህት ነበረችው። በዚያ ሰሞን ታዲያ ይህች እህቱ ለክፍለ ሀገራቸው ፓርላማ ትወዳደር ነበር። እዚያ እያንዳንዱ ክፍለ ሀገር የየራሱ ፓርላማ አለው አለኝ ኤሊያስ።

«የእኛ ሸዋ የራሷ ፓርላማ ቢኖራት እንደማለት ነው።»

«ኧረ ድምፅህን ቀንስ!» አልኩት። «ሰው ይሰማሃል!»

የምርጫው ቀን ቅዳሜ ነበር። እዚያ ሲመሽ እዚህ ገና ከሰዓት በኋላ ነው። ኮሊን ሥራ አቁሞ ራዲዮኑን መኪናው ላይ አስቀምጦ አንቴናውን ይመዛል፤ ውሃ ሊቀዳ የመጣው ሰው ጀሪካኑን መሬት አድርጎ ይከበዋል። ራዲዮኑ ይንሿሿል፣ ይጠፋል፣ ይመለሳል። ኤሊያስ ይተረጉማል። የትኛው ፓርቲ እንደሚመራ ተነገረ፤ ስለ እህቱ ወንበር ግን አንድም ቃል የለም። ኮሊን ፊቱ አመድ መሰለ። ከአዲሎ ሽማግሌዎች አንዱ አዝኖለት ጠየቀ።

«እህትህ ከተሸነፈች ወዴት ትሸሻለች?»

ኤሊያስ ሲተረጉምለት ኮሊን መጀመሪያ አልገባውም። ከዚያ «ወዴት ትሸሻለች? ወደ ላሞቿ ነዋ» አለ። ሰዉ በሳቅ ፈነዳ። ቀልድ መሰላቸው።

ውጤቱ የመጣው ከሳምንታት በኋላ ነው። ዋለ የሚባለው የድርጅቱ ሾፌር ከአዲስ አበባ ቴሌግራም ይዞ ሲደርስ ኮሊን እንደ ልጅ ዘለለ፤ አሸንፋለች። እንዴት እንዳሸነፈች ለኤሊያስ ሲያስረዳው አሸዋ ላይ በእንጨት እየጻፈ ነው። የተወዳደሩት ሦስት ሰዎች ናቸው። እዚያ መራጩ አንዱን መርጦ የቀሩትን ዝም አይልም። አብልጦ ለሚወደው አንድ፣ ከእሱ ቀጥሎ ለሚሻለው ሁለት፣ ለመጨረሻው ሦስት ብሎ ይጽፋል። መጀመሪያ ሲቆጠር የሚመራው ሱፍ የለበሰ ጠበቃ ነበር፤ የኮሊን እህት ሁለተኛ ናት። ጠበቃው ግን ግማሹን አላለፈም። ስለዚህ መጨረሻ የወጣውን ሽማግሌ አስወጡትና የእሱን ሰዎች ወረቀት አንድ ባንድ አነሱ። ሁለት ብለው የጻፉት ለማን ነው? አብዛኛው ለላም አርቢዋ! በዚያ አለፈች። ጠበቃውም መጥቶ እጇን ጨበጠ።

ኤሊያስ ይህን ሲነግረኝ ዓይኑ እንባ አቅርሮ ነበር። «የተሸነፈው ሽማግሌ ሰዎች እንኳ ድምፃቸው አልጠፋም፣ ጣቢታ! ገባሽ?»

«ገብቶኛል፤ እራትህን ብላ።»

ከዚያ ወዲያ ይህን ታሪክ ያልነገረው ሰው የለም። ሠርግ ላይ፣ ደቦ ላይ፣ ልቅሶ ቤት ሳይቀር! አይ ኤሊያስ፣ ያኔ ሲያወራ! የጠበቃውን አካሄድ ያሳያል፣ ላሟ ስትጮህ ይጮኻል፣ ኮሊን የዘለለውን ይዘላል። ሰው ሥራ ይፈታለት ነበር። አባቴ እንሰቱ ሥር ተቀምጦ ባዳመጠ ቁጥር የሚጠይቀው አንድ ነገር ነው።

«ስለዚህ ማንም ባዶውን አልቀረም?»

«ማንም፣ አባባ።»

«ማንም ሰው ፊት አልተዋረደም?»

«ማንም።»

«ወግ ማለት ይሄ ነው» ይላል አባቴ፤ ራሱን እየነቀነቀ።

በ1979 በጋ የመንደር ምሥረታው ወሬ እኛም ጋ ደረሰ። በጊምቢቹ በኩል ሰዉን ከየጓሮው አንሥተው ሜዳ ላይ በገመድ በተለካ መስመር እያሰፈሩት ነው ተባለ። የእኛ ቀበሌም በሚመጣው በጋ ይነሣል አሉ። ስብሰባ ተጠርቶ ሁሉም አንገቱን ደፍቶ ሲሰማ አባቴ እጁን አወጣ። አማርኛው እንደ እኛ አገር ሽማግሌ ነው፤ ቀስ ይላል እንጂ አይሳሳትም።

«ቤት ይሄዳል» አለ። «ከብትም ይሄዳል፣ ሰውም ይሄዳል። እንሰት ግን እግር የለውም። እሱን ምን ልታደርጉት ነው?»

 ሰብሳቢው ወደ ሌላ አጀንዳ አለፈ። ሰዉ ግን ይህችን ንግግር አልረሳትም። ለብሔራዊ ሸንጎ ሦስት ዕጩ ይቅረብ ሲባል ፓርቲው ገብረ ሥላሴን አቀረበ፤ ለማሟያ ደግሞ የሴቶች ማኅበሯን ዓለሚቱን ጨመሩ። ገበሬ ማኅበሩ ሦስተኛውን ይምረጥ ሲባል በአንድ አፍ «ሄራሞ!» አሉ።

እውነቱን ልናገር፤ ገብረ ሥላሴ ክፉ ሰው አልነበረም። ከሰሜን መጥቶ እኛ ጋ ብዙ ዘመን የኖረ ባለሥልጣን ነው። ሱሪውን የማሳጥርለት እኔ ነበርኩ፤ «እጅሽን ይባርከው» ሳይለኝ ሄዶ አያውቅም። ግን ከላይ የታዘዘውን ሳያደርግ የሚያድር ሰው አይደለም። ዓለሚቱ ደግሞ የአባቴ ጎረቤት ናት፤ እናቴ ስትሞት ከብታችንን ያለበችልን እሷ ናት።

አባቴ ሸንጎ ከገባ መንደር ምሥረታው ከአገር ይቀራል ያለ ሞኝ አልነበረም። ግን የሸንጎ አባል ጓሮ ውስጥ ማን ደፍሮ ገመድ ይዘረጋል? ቢያንስ ቢያንስ የእኛ ቀበሌ ይታለፋል፤ እንሰቱ ባለበት ይቀራል። ሰዉ የጓጓው ለዚህ ነው። እኔም የጓጓሁት ለዚህ ነው፤ ሌላውን ፖለቲካ ለባለቤቱ ትቼዋለሁ።

አሁን አንድ ነገር ልንገራችሁ፤ ይህን ካላወቃችሁ የቀረው አይገባችሁም። በዚያ ዘመን እኛ ጋ ነገሩን በግልጽ የሚናገር ሰው አልነበረም። ቤተ ክርስቲያናችን ታሽጎ ጸሎቱ በየሰው ቤት በድብቅ ነው። «በሬያችን ታመመብን» ከተባለ ወንጌላዊው ተይዟል ማለት ነው። «ሐሙስ ገብስ ይወቃል» ከተባለ ሐሙስ ጸሎት አለ ማለት ነው። ሕፃን ሳይቀር ከተነገረው ሥር ያልተነገረውን ፈልጎ ማውጣት ለምዶ ነበር። ደህና ወሬ እንኳ ቢሆን «ምን ማለቱ ነው?» ሳይባል አይታለፍም። አኗኗራችን ነበር፤ አዳነንም፣ አጠፋንም።

ለመራጩ ትምህርት እንዲሰጥ የታዘዘው ኤሊያስ ነው፤ መሠረተ ትምህርትም ያስተማራቸው እሱ ስለነበረ። እኔም ልጄን አዝዬ ሄጄ ሰምቻለሁ፤ አንድም አላዛነፈም። በሰሌዳው ላይ የሦስቱን ምልክት ሣለ፤ ለገብረ ሥላሴ ዝሆን፣ ለዓለሚቱ ቀጭኔ፣ ለአባቴ አጋዘን። «ከምትመርጡት አጠገብ ብቻ አንድ የኤክስ ምልክት» አለ። ደጋግሞ አለው። የፓርቲው ሰዎችም ከኋላ ቆመው ይሰማሉ።

እትዬ ብርቅዬ፣ ያቺ ነገረኛ አሮጊት፣ ብድግ አለች።

«መምህር፣ አንተ እኔን ኤክስ ያደረግኸኝ ስሳሳት ነው። ሄራሞ ምን አጠፋ?»

ቤቱ በሳቅ ተናጋ። ኤሊያስም ሳቀ፣ አስረዳትም። ባለሥልጣኖቹ ሲሄዱ ግን ሰዉ አልተነሣም። አንዱ «እስቲ ያችን የላም አርቢዋን ንገረን» አለ። እህ፣ ኤሊያስ መች መለመን ይፈልጋል! ነገራቸው። ጠበቃውን ሆኖ ተራመደ፣ ላሟን ሆኖ ጮኸ፣ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ብሎ በሰሌዳው ላይ ጻፈ። የወትሮው ሳቅ ግን አልነበረም። ሽማግሌዎቹ ዓይን ለዓይን ሲተያዩ አይቻለሁ። ደክሟቸው ነው ብዬ አለፍኩት።

እነሱ ግን ነገር ገብቷቸዋል። አስቡት፤ የመንግሥት ደመወዝ የሚበላ አስተማሪ፣ የዕጩው አማች፣ ባለሥልጣን ሲወጣ ጠብቆ፣ በምርጫ ዋዜማ የሰው አገር ምርጫ ያወራል። ይህ ወሬ ነው? ምሳሌ ነው እንጂ! በግልጽ መናገር ስለማይችል በላም አርቢዋ አሳቦ መንገዱን አሳየን አሉ። ደግሞ እንዴት ያለ መንገድ ነው! ለሄራሞ አንድ። ለዓለሚቱ፣ ያንን ሁሉ ደግነቷን ረስቶ ባዶ መተው ነውር ነው፤ ሁለት። ገብረ ሥላሴንም ባዶ ማድረግ ሰውዬውን ማስቀየም፣ ጣጣም መጥራት ነው፤ ሦስት። ሁሉም ደርሶታል፣ ማንም አልተዋረደም፣ ሄራሞም አለፈ! ምክሩ በገበያ በኩል ለጎረቤት ቀበሌዎችም ደረሰ። ለእኔና ለኤሊያስ የነገረን የለም። ምን ብለው ይንገሩን? የምክሩ ባለቤት እኛ ነን ብለዋላ!

የምርጫው ዕለት እሁድ ነበር፤ ሰኔ ነው፣ ጭቃ ነው። ሰዉ ነጭ ነጩን ለብሶ ጭቃውን እየዘለለ መጣ። እኔ አጋዘኑ አጠገብ አንዲት ኤክስ አድርጌ ወጣሁ። ሌላው መጋረጃው ውስጥ ሲቆይ ሲቆይ! በመሠረተ ትምህርት የተማሩትን ቁጥር አሳምረው እየጻፉ ነበራ። ሲወጡ ኤሊያስን ዓይናቸውን ጠቀስ እያደረጉት ያልፋሉ። እትዬ ብርቅዬ ትከሻውን ሳመችው። እሱም ስለ አባቴ ደስ ብሏቸው መስሎት መልሶ ይጠቅሳቸዋል። ያችን የጠቀሳትን ዓይኑን እስከ ዛሬ አልረሳኋትም።

ቆጠራው ላይ አልነበርኩም፤ ኤሊያስ የነገረኝን ነው የምነግራችሁ። ድምፁ ጥሩ ነው ተብሎ ወረቀቱን እየከፈተ የሚጠራው እሱ ሆነ። የመጀመሪያዋን ከፈተ። አጋዘኑ ላይ አንድ፣ ቀጭኔው ላይ ሁለት፣ ዝሆኑ ላይ ሦስት። ክው አለ። ገብረ ሥላሴ ዕጩ ስለሆነ አይቆጥርም፤ በሩ አጠገብ ተቀምጦ ያያል። ኮሚቴው መመሪያውን አነበበ፤ ከአንድ በላይ ምልክት ያለበት ድምፅ ዋጋ የለውም ይላል።

«ጥራዋ» አሉት።

«የተበላሸ» አለ ኤሊያስ።

ሁለተኛዋም እንደዚያው። «የተበላሸ።» ሦስተኛዋም። እንግዲህ አስቡት፤ በገዛ እጁ እየያዘ ያስተማራቸውን አንድ፣ ያስተማራቸውን ሁለት፣ በገዛ አፉ የተበላሸ እያለ ሲጥል ዋለ። የማንን እጅ ጽሕፈት አያውቅም? የብርቅዬ አንድ እንደ ምርኩዝ የጎበጠች ናት። የአባቴም መጣች። አባቴ ሦስትን ገልብጦ ነው የሚጽፈው፤ ስንት ጊዜ ቢያርመው አልተወም። ያች የተገለበጠች ሦስት አጋዘኑ ላይ ነበረች። ለዓለሚቱ አንድ፣ ለገብረ ሥላሴ ሁለት ሰጥቶ፣ ለራሱ ሦስት!

«የተበላሸ» አለ ኤሊያስ፤ ድምፁ ግን አልወጣም። ድገም አሉት፤ ደገመው።

በትክክል ምልክት ያደረጉት የቢሮ ሠራተኞች፣ ፖሊሶችና ጥቂት ነጋዴዎች ነበሩ። ዝሆኑ አሸነፈ። የተበላሸው ክምር ከሦስቱም ክምር ይበልጥ ነበር። ገብረ ሥላሴ ተነሥቶ መጣና አንዱን ወረቀት አነሣ፣ ሌላውንም አነሣ።

«ጓድ ኤሊያስ፣ ይሄ አድማ ነው?»

አድማ ቢባል ስንቱ ቤት እንደሚዘጋ ኤሊያስ ያውቃል። «አይደለም፣ ጓድ» አለ። «አልገባቸውም። ያልተማሩ ናቸው።»

ገብረ ሥላሴ ቀና ብሎ አየው። «እንግዲያው አስተማሪው ደካማ ነበር ማለት ነው» አለና ወረቀቱን መለሰለት። በዚሁ አለፈ። ምን ያንገበግበዋል? አሸንፏል።

ማታ አባቴ ቤት ሽማግሌዎቹ ተሰብስበው ይጠብቁን ነበር። ገና ከበር ሳንደርስ አንዱ ተነሥቶ ኤሊያስን አቀፈው። «እንዳልከን አደረግን!»

«ምን አልኳችሁ?»

«በላም አርቢዋ የነገርከንን ነዋ።»

ኤሊያስ ያኔ ነው የገባው። የቤቱን ምሰሶ ያዘ።  «ገብረ ሥላሴ አሸነፈ» ብቻ አለ።  ከዚያ አንዱ «ሰርቀውን ነዋ!» አለ፤ ሌላውም «አንድ የጻፍነውን እኛ እናውቃለን፤ ሰረቁን እንጂ!» አለ። ቤቱ ጉም ጉም አለ። እኔ ምላሴን የምቋጥር ሴት አይደለሁም፤ ግን የኤሊያስን ፊት ሳይ አፌ ተያዘ። ምን ይበላቸው? ሞኞች ናችሁ? ወይስ ምክር ሳይሆን ወሬ ብቻ ነው ያወራሁላችሁ? አባቴ ግን ምሰሶውን የያዘውን ሰው ያይ ነበር።

በጋው ሲመጣ ገመዱም መጣ። ሰፈራው ከኮረብታው ማዶ ሜዳው ላይ ሆነ፤ ቤቶቹ በመስመር፣ ንፋስ የሚያፏጭባቸው፣ አንድም ዛፍ የሌላቸው። አባቴ ጠዋት ጠዋት ፍጉን ተሸክሞ ኮረብታውን ተሻግሮ ወደ እንሰቱ ይሄድ ነበር። ኤሊያስ ከትምህርት ቤት መልስ ይረዳዋል፤ ያለ ሰዓቱም ይሄዳል።  ምን ዋጋ አለው! አሳማው ቀደማቸው። አንድ ጠዋት ሄደው የአያቱን እንሰት ሥሩ ተጎርጉሮ፣ ተጋድሞ አገኙት። አባቴ አጠገቡ ልክ ሰው እንደሞተበት እጁን ጭኑ ላይ አድርጎ ተቀመጠ።

ከሁሉም የከፋው ሰዉ ኤሊያስን ማክበሩ ነው። ገበያ ላይ ይነሡለታል። «ምክሩ ደህና ነበር፤ ሌቦች ናቸው ያበላሹት» ይሉታል። እሱ አንገቱን ደፍቶ ያልፋል። ታሪክ ማውራት ተወ። ለልጆቻችን እንኳ አያወራም። «ይሄን አድርግ፣ ያንን አታድርግ፣ በቃ።» ያ ላም ሆኖ የሚጮህ ሰው! አንዳንዴ ተናድጄ «እስቲ አንድ ነገር አውራ፣ ቤቱ መቃብር ሆነ!» እለዋለሁ። «ምን ብለው እንደሚሰሙኝ በምን አውቃለሁ?» ይለኛል።

በ1982 መንግሥት ነገሩን ላላ ሲያደርግ ሰዉ ከሰፈራው እያፈረሰ ወደየቀዬው ተመለሰ። የከለከለ የለም። ያን ሁሉ ጭንቅ አንድ ማለዳ እንደ ዋዛ ጥለነው ወጣን። አባቴ ግን አርጅቶ፣ ደረቱ ታሞ ነበር፤ በቃሬዛ ነው የወሰድነው። ኤሊያስ በአሮጌው ጓሮ ውስጥ ትንሽ ጎጆ ሠርቶለት፣ ከዘመድ የለመነውን የእንሰት ችግኝ ዙሪያውን ተከለ። ቁመቱ ከልጅ ጉልበት አይበልጥም። የሚበላ እስኪሆን ስንት ክረምት እንደሚፈልግ አባቴ ከማንም በላይ ያውቃል።

በዚያ ሰሞን ኤሊያስ አዲሎ ሄዶ ኮሊንን አገኘው። ፓምፕ ሊጠግን ተመልሶ መጥቷል። ኤሊያስ ወደ እኛ ሲመለስ ፊቱ ልክ አልነበረም። አባቴ አልጋው ላይ ሆኖ አየው።

«ምን ሰማህ?»

«ምንም፣ አባባ።»

«ና ቁጭ በል» አለው አባቴ። እኔ ምድጃው አጠገብ ነበርኩ። «ከዚያች ማታ ጀምሮ የምታስበውን አውቃለሁ። ምሰሶውን ስትይዝ አይቼሃለሁ። የተሰረቀ ሰው ምሰሶ አይዝም፤ ይሳደባል እንጂ። ወሬ ብቻ ነበር፣ አይደለም?»

ኤሊያስ አለቀሰ። ባሌ ሲያለቅስ ያን ቀን ነው ያየሁት። «ወሬ ብቻ ነበር። ደስ ስላለኝ ነው ያወራሁት። ሌላ ምንም አልነበረበትም።»

«የእኔንም ወረቀት አይተሃታል።»

«አይቻታለሁ። ለራስዎ ሦስት…»

«ታዲያ ራሴን እንዴት ላስቀድም? ነውር አይደለም?» አለና ሳቅ ሲል ሳሉ ያዘው። ውሃ ሰጠሁት። ሲረጋጋ «በል እስቲ ያችን ሴትዮ ንገረኝ» አለ። «እንደ ድሮው። ምንም አልፈልግበትም፤ ወሬውን ብቻ።»

ኤሊያስ ወደ እኔ አየ። እኔም «ንገረዋ!» አልኩት። ነገረው። መጀመሪያ ቁጭ ብሎ ነበር፤ ጠበቃው ላይ ሲደርስ ተነሥቶ ተራመደ፤ ላሟ ላይ ሲደርስ ጮኸ። አባቴ ዓይኑን ጨፍኖ ፈገግ ብሎ ሰማ። መጨረሻው ላይ ኤሊያስ ቆም አለና ኮሊን የነገረውን ጨመረበት።

«አሁን ተሸንፋለች፣ አባባ። ባለፈው ጊዜ እንደገና ምርጫ ነበር። ጠበቃው አሸነፋት።»

አባቴ ዓይኑን ገለጠ። «ታሰረች?»

«አልታሰረችም። ወደ ላሞቿ ተመለሰች። በሚመጣው እንደገና እወዳደራለሁ ብላለች አለኝ።»

«በሚመጣው? ይደገማል እንዴ?»

«በየጥቂት ዓመቱ ይደገማል።»

አባቴ በክርኑ ተደግፎ ሊነሣ ሞከረ። እንዲህ ሲገርመው አይቼው አላውቅም። «ይደገማል!» አለ። «ታዲያ ያንን ሁሉ ጊዜ ስታወራልን ይህችን ለምን አልነገርከንም? የተሳሳተ እንደገና ይሞክራል ማለት ነው?»

«አላሰብኩትም፣ አባባ። ለእነሱ ተራ ነገር ስለሆነ ኮሊንም አላነሣው፤ እኔም አልጠየቅሁ።»

አባቴ ተመልሶ ተኛ። በተከፈተው በር ወደ ችግኞቹ ያይ ነበር። 

«የእኛው መቼ ነው የሚደገመው?» አለ።

ኤሊያስ ብርድ ልብሱን ወደ አባቴ ደረት ሳብ አደረገለት። አባቴ ክረምቱ ሳይገባ ሞተ። የቀበርነው እዚያው ጓሮው ዳር ነው፤ ችግኞቹ ገና ጥላ አልነበራቸውም።